መስመሩ በዱቡሻው ግርጌ ዞረ

ነዳጅ የሚፈልገው ኩባንያ ሶዶ ላይ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ተከራይቶ ነበር። እኔ ምግብ አብሳይም ቤት ጠባቂም ሆኜ ገባሁ። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምኩ ሴት ነኝ። ስለ ድንጋይ የማውቀው ወፍጮና ጉልቻውን ነው። ስለዚህ ከምድር በታች ስላለው ነገር የምጽፈው የነገሩኝን ነው። ከምድር በላይ የሆነውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

የቤቱ ሳሎን ሳሎን አልነበረም። በጠረጴዛው ላይ ካርታ፣ በግድግዳው ላይ ካርታ፣ አንዳንዴም ወለሉ ላይ ካርታ፤ ምሳ ይዤ ስገባ እግሬን የማሳርፍበት እየመረጥኩ ነው። ካርታውን የሚሠሩት ጋሽ ዓምደሚካኤል ነበሩ። ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ጸጉራቸው ሸበት ያለ ሰው ናቸው። ሥራ ላይ ከሆኑ ምሳ ይረሳሉ። እኔ ደግሞ ምግብ ሲቀዘቅዝ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። በዚህ እንጣላ ነበር።

አንድ ቀን ካርታውን አየሁት፤ የዳሞታ ተራራም የለበት፣ የቤሌ ከተማም የለች፣ መንገድም የለ፤ ዝም ብሎ እንደ ጣት አሻራ የተጠማዘዘ መስመር ብቻ።

«ይኼ የምን አገር ነው?» አልኳቸው።

«የእናንተው ነው። ከሥር ያለው። አፈሩንም ድንጋዩንም እንደ ብርድ ልብስ ገፈሽ ብታዪው፣ ከታች ያለው ንጣፍ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል ነው የሚያሳየው።»

«አይተውታል?»

«አላየሁትም። ሰምቼዋለሁ።»

የቀለዱብኝ መስሎኝ ወጥቼ ሄድኩ። ኋላ ሲያስረዱኝ ግን እውነታቸውን ነው። መሬት ቆፍረው ትንሽ ፈንጂ ያፈነዳሉ። ድምፁ ወደ ታች ወርዶ፣ ንጣፉን መትቶ ይመለሳል። ሲመለስ፣ በገመድ ተያይዘው መሬት ላይ የተተከሉ ትናንሽ መሣሪያዎች ይሰሙታል። እኛ አገር ሰው «ጆሮ» ነበር የሚላቸው። ድምፁ ቶሎ ከተመለሰ ንጣፉ ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ ነው። ነዳጅ ካለ የሚጠራቀመው እንደ ተደፋ ገበቴ ጎበጥ ባለው ቦታ ሥር ነው። ስለዚህ ሥራው ጉብታ መፈለግ ነው።

ጉብታውን ያገኙት ከቤሌ በታች፣ እኔ በተወለድኩበት ቀበሌ ሥር ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ አባቴ ልናገር።

አባታችን የሞተው ቃሬዛ ላይ ነው። ከእኛ ቤት እስከ ቤሌ መኪና የሚሄድበት መንገድ የለም፤ ገደል አለ፣ ወንዝ አለ። ሰው ሲታመም፣ ቤሌ ሐኪም ቤት ለማድረስ ጎረቤት ተሸክሞ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ዝናብ ከሆነ ወንዙ እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አባቴ እዚያ ሲጠብቅ ሞተ። ተሸክመውት የወረዱት ሰዎች ተሸክመውት ተመለሱ።

በእኛ አገር በየሰፈሩ ዱቡሻ የሚባል ሜዳ አለ። አይታረስም፤ ትልቅ ዛፍ አለበት። ስብሰባም፣ እርቅም፣ ልቅሶም እዚያ ነው። ልቅሶ ተቀምጦ ሳለ በሜዳው መሀል ማንም አያቋርጥም። በበቅሎ የሚሄድ ይወርዳል፤ ሸክም ያለው በግርጌ በኩል ዞሮ ያልፋል። የእኛ ዱቡሻ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ግርጌው ወደ ሸለቆ ዘቅዝቆ ይወርዳል። መዞር ማለት ወርዶ መውጣት ማለት ነው።

የነዳጁ ሰዎች ገመዳቸውን እየዘረጉ የደረሱት በአባቴ ልቅሶ ላይ ነው። ቀደም ሲል ቀያሾች መጥተው፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት፣ ቁጥር የተጻፈበት ችካል በቀጥታ መስመር ተክለው ሄደው ነበር። ጥቂቱ ዱቡሻው መሀል ነው ያረፈው። ለልቅሶው ሜዳው ሲጠረግ ችካሉ ተነቀለ። የገመድ ዘርጊዎቹ አለቃ ደግሞ የገዛ ወንድሜ ባዳቾ ነው። ሐዘን ላይ ስለሆነ ፈቃድ ወስዷል። ጓደኞቹ ገመድ ተሸክመው ብቅ ሲሉ ግን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሄደና «በግርጌ» አላቸው። ሌላ ቃል አልወጣውም። ዘርጊዎቹ የተነቀለውን ችካል ሰብስበው፣ ገመዳቸውን ይዘው ወደ ሸለቆው ወረዱ። ችካሉን በቁጥሩ ተራ እዚያ ተከሉት፤ ጆሮዎቹንም እዚያ ተከሉ። ዞረው ወጥተው መስመራቸውን ቀጠሉ። ፈንጂውንም ለቀስተኛው እስኪበተን አቆዩት።

ይህ ነገር በአገሩ ተወራ። «ለአቶ እገሌ ልቅሶ የፈረንጅ ገመድ ዞረ» ተባለ። አባቴ ባለሥልጣን አልነበረም፤ እንሰት ተክሎ፣ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቆፍሮ የኖረ ገበሬ ነው። ገመድ ግን ዞረለት። እኔም ባዳቾም ይህን ነገር እንደ ትልቅ ነገር ያዝነው። ለኩባንያው ደግሞ ሄዶ «እዚህ ጋ ዞረናል» ብሎ ያመለከተ የለም። ልቅሶ ካለ ይዞራል፤ ይህ ምኑ ይነገራል?

ከዚህ በኋላ ነው ጋሽ ዓምደሚካኤል ጉብታ ያገኙት። ያን ቀን ምሳቸውን ሳልነግራቸው በሉ። ኩባንያው ሪግ የሚሉትን መቆፈሪያ ማሽን ሊያስመጣ ሆነ። ሪጉ እንደ ቤት የሚያህል ነገር ስለሆነ በእግር መንገድ አይሄድም። ከቤሌ እስከ ቦታው መንገድ ሊሠራ፣ ወንዙ ላይም ድልድይ ሊሠራ ነው ተባለ።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ኤርካሎ ስብሰባ ጠራ። እኔም ለእሑድ ወርጄ ስለነበር ሰምቻለሁ።

«ነዳጅ ቢወጣ የመንግሥት ነው፣ ባይወጣም የኩባንያው ኪሳራ ነው» አለ። «እኛን የሚያገባን መንገዱ ነው። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ መንገዱን እንደ ሰሌን ጠቅልሎ አይወስደውም!»

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ባዳቾ ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። ሚስቱ ሰብለ ነፍሰ ጡር ነበረች። አባታችንን ያወረደበትን ቃሬዛ ጣሪያ ሥር ሰቅሎት ነበር፤ «ይህን ነገር ለምጣድ ማገዶ አደርገዋለሁ» ይል ጀመር። ኩባንያውም ስለቸኮለ ወረቀቱ ሳያልቅ ዶዘር ላከ። ዶዘሩ ከቤሌ ጀምሮ እየገመሰ ወደ ወንዙ መጣ።

ረድኤት የመጣችው በዚህ መሀል ነው።

ሪጉ ከመጠራቱ በፊት ካርታውን ያልሠራው ሌላ ሰው መመርመር አለበት፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው አሉ። እሷ ለዚያ የተላከች ናት። ቀጭን ልጅ ናት፤ መነጽር አላት። የባለቀለም እርሳስ ሣጥን ብብቷ ሥር ይዛ ከመኪና ወረደች።

«መርማሪያችን መጣች» አሉ ጋሽ ዓምደሚካኤል። «ብርሃኔ፣ ተዘጋጂ። ያንቺንም ሳታይ አትሄድም።»

እውነትም የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ የበርበሬ ዳጣዬን ቀምሳ «እትዬ ብርሃኔ፣ ጨው አልበዛም?» አለችኝ።

«ልጄ፣ የመጣሽው ካርታ ለማየት ነው ወይስ ድስት?»

«ያገኘሁትን ሁሉ አያለሁ» ብላ ሳቀች። ጨው አልበዛም ነበር። እስከ ዛሬም አልበዛም እላለሁ።

ሁለተኛው ጠባችን በመስኮት ነው። የኩሽናዬ መስኮት ትልቅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ይመታዋል። እሷ ሁለት ካርታ ደራርባ መስተዋቱ ላይ ለጥፋ፣ በብርሃኑ አሳልፋ ማየት ፈለገች። ሳሎን መብራት ያለው ጠረጴዛ ነበራቸው፤ ግን ኤሌክትሪኩ ይጠፋል። እኔ «ሽንኩርት የምከትፈው እዚያ ጋ ነው» አልኩ። እሷ «ግማሹን ብቻ» አለች። አልሰጥም አልኩ። ወንበር አምጥታ ኩሽናዬ ውስጥ ተቀመጠች። እኔ እየከተፍኩ እሷ እየጠበቀች ቆየን። በሽንኩርቱ ዓይኗ አለቀሰ፤ አልተነሣችም። በመጨረሻ ግማሹን ለቀቅኩላት። እልኸኛ ሰው እወዳለሁ፤ ግን አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አብረን ነበርን። ወረቀት በወረቀት ላይ ትደርባለች፣ በጣቷ መስመር ትከተላለች፣ ቀይ ነጥብ ታደርጋለች።

«እዚያ ታች አልወረድሽም» አልኳት። «ስህተት መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?»

«እውነቱን አላውቅም። ካርታው ከራሱ ጋር ሲጣላ ግን አውቃለሁ። አንድ ሰው ለእርስዎ የነገረዎትንና ለእኔ የነገረኝን ስናስተያይ ካልገጠመ፣ አንድ ነገር አለ አይደል? እዚህ ላይ ሁለት መስመሮች ይገናኛሉ፤ አንዱ ከሰሜን የመጣ፣ አንዱ ከምዕራብ የመጣ። በሚገናኙበት ቦታ አንድ ዓይነት ጥልቀት መናገር አለባቸው። አንዱ ጉብታ አለ ይላል። አንዱ የለም ይላል።»

«ታዲያ ጋሼ ይህን አላዩም?»

«አይተዋል። ለዚያ ነው መሀላቸው ስንጥቅ የሳሉት፤ ምድሩ እዚህ ጋ ተሰብሮ አንዱ ወገን ዝቅ ብሏል ለማለት።»

ምሳ ላይ ተነሣ ነገሩ። እኔ ወጥ እየጨለፍኩ ቆሜያለሁ።

«ይኼ ስንጥቅ ከየት መጣ፣ ጋሼ?»

«ከምድር።»

«ከጎኑ ባለው መስመር ላይ የለም እኮ።»

«እዚያ ሳይደርስ አልቆ ይሆናላ።»

«ይህን የሚያህል ስንጥቅ? በዚህ በኩል ንጣፉን ሰብሮ ጥሎት፣ ጎረቤቱ ምንም ሳይነካ?»

«ምድር ስትሰነጠቅ አንቺን ታስፈቅድ?»

«አታስፈቅድም። ግን ስትሰነጠቅ ጎረቤት ይሰማል።»

ጋሽ ዓምደሚካኤል ጉርሻቸውን ትሪው ላይ መለሱት። አልተቆጡም። ሲቆጡ ጆሯቸው ይቀላል፤ ያን ቀን አልቀላም። «ረድኤት፣ ሪጉ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። እኛ ከዘገየን ይሄዳል። ከሄደ ደግሞ ወዲህ የሚመልሰው የለም» አሉ።

«ይሂድ አላልኩም። ስንጥቁ ከሌለ ግን የምንቆፍረው ባዶ ነው። ከመፈረሜ በፊት ቦታውን ልየው።»

እኔ የሰማሁት «ይሄዳል» የሚለውን ነው። ሪጉ ከሄደ ዶዘሩም ይሄዳል።

ወላይትኛ ስለማትችል አስተርጓሚ ፈለገች። አገሩ አገሬ ነው፤ እኔ ተመረጥኩ። ሹፌሩ ገበየው፣ የሶዶ ከተማ ጉራጌ ነው፣ መንገዱን ሁሉ ሲያንጎራጉር ሄደ። ከቤሌ በታች በአዲሱ ቀይ መንገድ ገባን። ዶዘሩ ከወንዙ ጋ ደርሶ ቆሟል። እኛም ከመኪናው ወርደን፣ ጫማችንን አውልቀን ተሻገርን።

ረድኤት እንደ ስልክ ያለ መሣሪያ በእጇ ይዛ፣ ዓይኗን እሱ ላይ አድርጋ ነው የምትሄደው። የቆመችበትን ቦታና ከፍታ ይነግራታል አሉ። ዱቡሻው ጋ ስንደርስ ልቅሶ ተቀምጧል፤ አንዲት የጎረቤት አሮጊት ሞተው ነው። እሷ አላየችም። መሣሪያው በመሀል ሂጂ ስላላት በመሀል ቀጠለች። አቶ ቦልቴ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ከተቀመጡበት ከዘራቸውን አነሡ።

«በግርጌ፣ ልጄ» አሏት በወላይትኛ።

«ምን አሉኝ?»

«በግርጌ ዙሪ ነው። ልቅሶ ነው፤ በመሀል አይታለፍም።»

ደነገጠች፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ወደ ሸለቆው ወርዳ መዞር ጀመረች። እኔ ከላይ ሆኜ አያታለሁ። ታች ስትደርስ ቆመች። መሣሪያውን አየች። ቀና ብላ ሜዳውን አየች። እንደገና መሣሪያውን አየች። አንድ ሰው በበቅሎ እህል ጭኖ መጣና እሱም በአጠገቧ ዞሮ አለፈ። እሱንም አየችው፤ ሸለቆውን ወጥቶ እስኪሄድ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።  ምን እንዳየች ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ወጥታ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠች። ሰው እስኪበተን አልተነሣችም። ከዚያ ባዳቾን አስጠራችኝ።

«ገመድ ሲዘረጋ መሪው እርስዎ ነበሩ?»

ባዳቾ እኔን አየና በወላይትኛ «ምን አለች?» አለኝ። ወንድሜ ሶዶ ድረስ መጥቶ በአማርኛ በሬ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ዋጋ ሲከራከር የጉራጌ ነጋዴዎች ራሳቸው ይደክማቸዋል። ያን ቀን ግን፣ መርማሪዋ ካልፈረመች ዶዘሩ እንደሚመለስ ሰምቶ ስለነበር፣ አማርኛው ጠፋበት።

ነገርኩት። «አዎ በያት» አለ።

«አዎ ይላል።»

«ችካሉ እዚህ ጋ የት ነበር?»

«በሜዳው መሀል፣ ቀጥ ብሎ በያት።»

ወደ ሸለቆው አየሁ። ባዳቾ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ታ ሚቼ፣ እህቴ፣ በያት እንጂ። ዶዘሩን አላየሽውም? ወንዙ ላይ ደርሷል። ሰብለን አታያትም?» ሰብለ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር፤ እጇ ወገቧ ላይ ነው።

«ምን አለ?» አለች ረድኤት።

«በሜዳው መሀል ቀጥ ብሎ ነው ያለፈው ይላል» አልኳት። እሱ ያለውን ነው ያልኩት። አስተርጓሚ ያለውን ነው የሚለው።

ረድኤት አልጻፈችም። ዛፉን ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች። «አሁን እርስዎን ነው የምጠይቀው፣ እትዬ ብርሃኔ። ገመዱ በመጣ ጊዜ እዚህ ልቅሶ ነበር?»

«ነበር።»

«የማን?»

«የአባቴ።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አለች። «ታዲያ በአባትዎ ልቅሶ መሀል ገመድ እየጎተቱ አለፉ?» አለችኝ።

ልትይዘኝ ብላ የጠየቀችኝ አልመሰለኝም። የገረማት ነው የመሰለኝ። «አዎ» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው፤ መንገዱም ድልድዩም በእሱ ውስጥ ነው። ሰው እውነተኛ ብሎ እንዲያመሰግነኝ አይደለም ይህን የምጽፈው። ስለ ጉብታው ቢሆን ኖሮ ያለ ምንም ሐሳብ እዋሽ ነበር። ጉብታውን አላውቀው፣ አያውቀኝ። ግን አቶ ቦልቴ ገና ዛፉ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ አማርኛ ይሰማሉ። ሰብለም አጥሩ ጋ ናት። ባዳቾም አጠገቤ ነው። እነዚህ ሁሉ ባሉበት፣ አባቴ በተለቀሰበት ሣር ላይ ቆሜ፣ «አዎ፣ ረግጠውት አለፉ» ልበል? 

«ማንም አላለፈም!» አልኩ። ጮኼ ነው መሰለኝ። «ዞሩ። በግርጌ ዞሩ። እሱ ነው ያዞራቸው።»

«አንቺ ሴት፣ አበድሽ?» አለ ባዳቾ። በአማርኛ ነው ያለው።

ረድኤት ወደ ሸለቆው ተመልሳ ወርዳ እንደገና ለካች። ስትመለስ እኔና እሱ አንነጋገርም ነበር። ተቀመጠችና ለሁለታችንም አስረዳችን፤ ለባዳቾም በቀጥታ በአማርኛ ነገረችው፣ እሱም መስማቱን አልደበቀም።

«ቀያሾቹ የጻፉት ወረቀት ጆሮዎቹ እዚህ ላይ ናቸው ይላል፤ እነሱ ግን ታች ነበሩ። ታች ስለሆኑ ድምፁ አጭር መንገድ መጣ፤ ቶሎ ደረሰ። ቶሎ ሲደርስ ከሥር ያለው ንጣፍ ከፍ ያለ መሰለን።»

«ጉብታውስ?» አለ ባዳቾ።

«ጉብታ አይደለም። ይሄ ሸለቆ ነው፣ ተገልብጦ ካርታው ላይ የወጣው።»

ባዳቾ ሸለቆውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየው አየው። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ። ሳይሰናበተን ሄደ።

ስንመለስ ገበየውም አላንጎራጎረም፤ ማን እንደነገረው አላውቅም።

ጋሽ ዓምደሚካኤል ሁሉንም ቆመው ሰሙ። ረድኤት ስትጨርስ ወደ ኩሽና መጡ።

«ብርሃኔ፣ ይኼን ያህል ጊዜ እየመገብሽኝ፣ አንድ ቀን እንኳ መስመሩ ዞሯል አትዪኝም?»

«ብዬዎታለሁ።»

«መቼ?»

«ከሐዘን የተመለስኩ ሰሞን። ‹ሰዎችዎ ለአባቴ ልቅሶ ዞረውልናል፣ እግዚአብሔር ያክብርልን› ብዬ አመስግኜዎታለሁ። ‹ምንም አይደል› ብለው ካርታዎትን ማየት ቀጠሉ።»

አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ምንም አይደል ብያለሁ?» አሉ። «ይህቺን ለረድኤት እንዳትነግሪያት።» ረድኤት በር ላይ ቆማ ነበር። ሳሎን ገብተው ስንጥቁን ራሳቸው በላጲስ አጠፉት። አጥፍተውም ሲያበቁ ብናኙን በእጃቸው ጠረጉ፤ ሲጠርጉ ግን አይስቁም ነበር። ካርታውን ለመሥራት ብዙ ደክመዋል። ያን ማታ ራታቸውን ረሱ፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።

ካርታው እንደገና ተሠራ። ጉብታ የሚባል ነገር ጠፋ። ሪጉ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ዶዘሩንም ትልቅ መኪና ላይ ጭነው ወሰዱት። ድልድይ ሊሠራ የተከመረውን ድንጋይ ግን ማንም አልወሰደውም፤ ወንዙ ዳር ቀረ።

እሑድ ስወርድ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሴቶች ይንሾካሾካሉ። ኤርካሎ ፊት ለፊት መጣ።

«አንቺ፣ መንገዳችንን ወሰድሽው» አለኝ።

«መንገዱን ተሸክሜ አልሄድኩም። የሄደው ዶዘሩ ነው።»

«አንድ ቃል ነበር እኮ ብርሃኔ! አንድ ቃል!»

«አንተ የአባትህን ልቅሶ ረገጡት በል ቢሉህ ትላለህ?»

«ለመንገድ?» አለ። አሰበበት። «እንጃ» አለና ገባ። እኔም ገብቼ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኋላ መቀመጥ የጥፋተኛ ነው።

ባዳቾ ግን አላናገረኝም። ስደውል ስልኩን አያነሣም። ሰብለ አንዴ አንሥታ «የለም» አለችኝ፤ የባዳቾ ድምፅ ግን ከኋላዋ ይሰማ ነበር። ቃሬዛውን አላነደደውም፤ እንደተሰቀለ ነው አሉኝ።

ረድኤት ልትሄድ ስትል አዲሱን ካርታ ይዛ ወደ ኩሽና መጣች። መስኮቱ ላይ ለጠፈችው፤ በእኔ በኩል ባለው ግማሽ ላይ። ሽንኩርቱን ገፋ አደረግኩላት። መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ናቸው። አንዱ ግን አንድ ቦታ ላይ ጎበጥ ብሎ ዞሮ ይመለሳል፤ ከጥፍር አይበልጥም።

«ይኸው» አለች።

«ስም አይጻፍበትም?»

«ስም አይጻፍም። ለምን እንደዞረ ግን ከሥር ጽፌያለሁ። ‹ልቅሶ ነበር› ብዬ። በእንግሊዝኛ ነው።»

ጣቴ ሽንኩርት ስለነካ ካርታውን አልነካሁትም። «ዳጣ ቋጥሬልሻለሁ» አልኳት። «ጨው አለው።»

ክረምት ገባ። ኩባንያው ዕቃውን እየጠቀለለ ነበር፤ እኔ ሣጥን ሳሽግ ስልኬ ጮኸ። ባዳቾ ነው። ሰላም አላለኝም።

«መኪና ወንዙ ድረስ መጣ» አለ።

«የምን መኪና?»

«ከቤሌ። በአዲሱ መንገድ። ሰብለ ምጥ ይዟት በቃሬዛ አወረድናት። ተሻገርን፤ መኪናው ማዶ ቆሞ ጠበቀን። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። እሱ ስልኩን አልዘጋም። 

«አቶ ቦልቴ ሞተዋል። ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም። መቼ?»

«በዚያው ቀን ልቅሷቸው ነበር። በቃሬዛ ስንመጣ ዱቡሻው ሙሉ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ አይተውን ተነሡ። በመሀል እለፉ፣ ምጥ ነው፣ እለፉ አሉን።»

«አለፋችሁ?»

 «ዞርን» አለ። «በጭቃ፣ በዚያ ቁልቁለት። ሰብለ ናት ከቃሬዛው ላይ ሆና ‹በግርጌ› ያለችው። እኔ አላልኩም።»

 ሂሳቡ አልቆበት ይሁን ዘግቶት ይሁን፣ ስልኩ ተቋረጠ።

ክረምት ቢሆንም፣ ሰብለን ያሻገሩ ቀን ወንዙ አልሞላም ነበር።